ሦስት ጊዜ የተባረረው

ሰሙን ከጣቶቼ ሳልልጥ ነው የሮጥኩት። ሽርጤን አልፈታሁም፣ ጫማዬን አላሰርኩም፤ መጎናጸፊያዬን ባንድ ትከሻዬ ጣል አድርጌ ከሻማ ቤታችን ቁልቁል ወደ ፍርድ አደባባዩ። ሰኞ ጠዋት ነው። ሰዉ ሱቁን ይከፍታል፣ ደጁን ይጠርጋል፤ እኔን ሲያይ መጥረጊያውን እንደያዘ ወደ ግድግዳው ይጠጋል። መንገድ የለቀቁልኝ በአክብሮት እንዳይመስላችሁ። ተላላፊ በሽታ የያዘው ሰው ሲያልፍ እንደሚለቁት ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ፣ የሃያ ዓመት ጎረቤቴ፣ ሁለት ልጆቿን ያዋለድኩላት ሴት፣ ዓይኔን ላለማየት ባዶ ቅርጫት ውስጥ አጎንብሳ የሆነ ነገር ትፈልግ ነበር። አልፈርድባትም። እኔም በሷ ቦታ ብሆን ያንኑ ቅርጫት ነበር የምፈትሸው።

ከድልድዩ በኩል መለከት ተነፋ። አዋጅ ነጋሪው፣ ያ ጉሮሮው የማይደክመው ሰው፣ መጮህ ጀመረ።

«ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ! ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ሻማ ሠሪው በአደባባይ ቆሞ እምነቱን ይናገራል! ከወንዙ ማዶ ያላችሁ አይሁዶች፣ ወንድ የተባለ አንድ ሳይቀር ወጥታችሁ ቁሙ! የቀረ ሰው ቤቱ ይቃጠላል!»

ሻማ ሠሪው ወንድሜ ነው። ከተማው «ዝምቤ» ይለዋል፤ ከሰው ጋር አሥር ቃል ከተናገረ ያን ቀን ለፍልፏል ማለት ነው። አባታችን እሱ ሳይወለድ ሞተ፤ እናታችን በዘጠኝ ዓመቱ። ጡት አላጠባሁትም እንጂ ያላደረግሁለት የለም። ባል አላገባሁም፣ ልጅ አልወለድኩም። አንድ ዓይን ያለው ባፈር አይጫወትም ይባላል፤ እኔ ያለኝ አንድ ዓይን እሱ ነው።

እንዴት ተያዘ ካላችሁኝ፣ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ነው ነገሩ። ለቤተ ክርስቲያን ሻማ የሚሠራ ሰው፣ ሻማው ሳይጠነክር ግርጌው ላይ አውራ ጣቱን ይጫንበታል። ሰም ውስጥ ሞራ የቀላቀለ ሌባ እንዲታወቅ ነው። የእሱ ጣት ለስላሳ ነው፤ የእኔ አውራ ጣት ላይ በልጅነቴ የፈላ ሰም ያቃጠለኝ ጠባሳ ከዳር እስከ ዳር ተጋድሟል። ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ እጁን ከሥራ ካነሳ ሰባት ወሩ ነበር። መጀመሪያ አመመኝ አለኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ አፋጥጬ ስይዘው፣ «እትዬ፣ እኔ ይሁዲ መሆን እፈልጋለሁ» አለኝ። በማማሰያው ልመታው ተነሳሁ። እውነቴን ነው፣ እሱን የሚያህል ጎረምሳ በግቢው ዙሪያ አባርሬዋለሁ። ሲደክመኝ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን የሱን ድርሻ እኔው መሥራት ጀመርኩ። ክሩን በዘንጉ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሠላሳ ጊዜ እየነከርኩ፣ እያቀዘቀዝኩ፣ እየነከርኩ፤ መጨረሻ ላይ ምንም ሳላስብ አውራ ጣቴን እጫናለሁ። የሠላሳ ዓመት ልማድ ነዋ! እጅ ያስባል እንዴ? የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ሹም የቅዳሜን ቅርጫቶች ለይቶ ገለበጣቸው። ባለጠባሳው ጣት ብቻ ነው ያለው። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ወታደር ይዞ ሲመጣ፣ ወንድሜ በቀዘቀዘ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ኦሪት ያነብ ነበር። ዕድሜ ለእኔ ጣት።

ያስጠሩኝ ሊቀ ካህናቱ ናቸው፤ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ይጠብቁኝ ነበር። የወንድሜ የክርስትና አባት ናቸው። የዚያን ጊዜ ገና ወጣት ቄስ ነበሩ፤ ዛሬ ፂማቸው ነጭቶ፣ ጣታቸው ላይ ትልቅ የማኅተም ቀለበት አስረዋል። ፊት ለፊታቸው ብራና ተዘርግቷል፤ በቀኝ እጃቸው የያዙት የላባ ብዕር ግን ደርቋል። ስንት ሰዓት ይዘውት እንደቆዩ እንጃ።

«በሩን ዝጊው» አሉኝ።

ዘጋሁት። ተቀመጪ አላሉኝም፤ እኔም ለመቀመጥ አልመጣሁም።

«አባታችን፣ እባክዎን፣ ልጅዎ ነው።»

«ከውሃው ያወጣሁት በእነዚህ እጆቼ ነው። ሳነሳው እንኳ አላለቀሰም» አሉና ብዕሩን አስቀመጡት። «አሁን ስሚኝ። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ወዶ እምነቱን የካደ በእሳት ይሞታል። ተታሎ የካደ አርባ ቀን ታስሮ፣ ንስሐ ገብቶ፣ ከከተማ ይወጣል። የሚሞተው ያታለለው ነው።»

«ማንም አላታለለውም።»

«አንድ ስም ነው የምፈልገው።»

«አባታችን፣ ማንም...»

«ከቀለም ነካሪው ሽማግሌ ደጅ ሲመላለስ ታይቷል።»

ሽማግሌውን አውቃቸዋለሁ። ከወንዙ ማዶ፣ ከምኩራባቸው ጎን፣ ጨርቅ የሚነክሩ ሰው ናቸው፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ሰማያዊ ነው፣ ታጥበውም አይለቅም። ወንድሜ ሦስት ጊዜ ሄዶባቸዋል። በመጀመሪያው በሩን ዘጉበት። በሁለተኛው ከዘራቸውን አነሱበት። በሦስተኛው ተከትዬው ሄጄ ስለነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ዝናብ ይዘንባል፣ እሱ ደጃፉ ላይ እንደተተከለ እንጨት ቆሟል። ሽማግሌው ብቅ ብለው፣ «አንተ ሰው፣ ምን አድርጌህ ነው? ቤት አለህ፣ ወገን አለህ። እኛ ጋ መከራ እንጂ ምን ታገኛለህ? ሕዝቤን ልታስፈጅ ነው?» አሉና አንድ ባልዲ የቀለም እጣቢ ደፉበት። ስንመለስ በድልድዩ ላይ ያየን ሰው ሁሉ በሱ ሰማያዊ ልብስ ሳቀ።

ይህን ሁሉ ለሊቀ ካህናቱ ነገርኳቸው። «ሽማግሌው እኮ አባረውታል! በዓይኔ ነው ያየሁት!» አልኳቸው።

«ያየሽውን አልጠየቅሁሽም» አሉኝ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ወንድሜን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ኦሪቱን ያዋሱትም እሳቸው፤ ያነብ ዘንድ፣ ዲያቆን ይሆናል ብለው። ዳኛው «መጽሐፉን ከየት አገኘው?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቋቸዋል። ሲነግሩኝ ዓይናቸው ወደ በሩ ይሄድ ነበር፤ እኚህን ሰው ስፈራ ኖሬ ያን ቀን አዘንኩላቸው። አዘንኩና ጠላኋቸው፣ ሁለቱንም ባንዴ።

«ሁለት ምስክር ይበቃል» አሉኝ። «አንዷ አንቺ። ሁለተኛው እሱ ራሱ። አንቺ ስሙን ትጠሪያለሽ፣ እሱ ‹አዎ፣ ተታልዬ ነው› ይላል። አለቀ። ሂጂና አሳምኚው።»

ወደ እስር ቤቱ አሥራ አንድ ደረጃ ይወርዳል። ጠባቂው ፋኖሱን አንጠልጥሎ በሩን ከፈተልኝና፣ «ቶሎ በይ» አለኝ። ወንድሜ ድርቆሽ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ያንን በሰማያዊ የተዥጎረጎረ ልብስ ነው የለበሰው። ስንት ጊዜ ጣለው ብዬዋለሁ!

«እትዬ፣ እጅሽ ላይ ሰም አለ» አለኝ።

«ተወው ሰሙን! በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

ይዋሻል። ውሸት እንኳ አያውቅበትም፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። አጠገቡ ተቀመጥኩና ሊቀ ካህናቱ ያሉኝን ነገርኩት። አንድ ቃል ናት፣ አልኩት። ተታልዬ ነው በል። ከዚያ አርባ ቀን ነው፤ አርባ ቀን ምን አላት? ከዚያ ወጥተን ማንም ወደማያውቀን አገር እንሄዳለን። ሰም የማይፈልግ ከተማ የለም።

«ማን አታለለኝ እላለሁ?»

ዝም አልኩ። ገባው። ዝምተኛ ሰው የሌላውን ዝምታ ያነባል።

«ሽማግሌውን?» አለ። «አባረሩኝ እኮ። አይተሻል።»

«አውቃለሁ ማየቴን!»

«ለሦስተኛ ጊዜ ለምን እንደሄድኩ ታውቂያለሽ? ባያስገቡኝም ግድ አልነበረኝም። ለአንድ ሰው እንኳ ጮክ ብዬ መናገር ስለፈለግሁ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ደብቀሽኛል። እሑድ እሑድ ከእናንተ ጋር ቆሜ አፌን እከፍታለሁ፣ የማላምነውን እዘምራለሁ። ሌላ ሰው ሆኜ መኖር ደከመኝ፣ እትዬ። አንድ ጊዜ በቀን ብርሃን ልናገረው።»

«ዕድሜህን ሙሉ ዝም ብለህ፣ አፍ የምታወጣው ዛሬ ነው? ሌላ ቀን አጣህ?»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን እንደሆንኩ እንጃ፤ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ጠባቂው በጦሩ እጀታ በሩን ደበደበው። ወንድሜ ሳቁን አቁሞ እጄን ያዘኝ።

«የማንንም ስም እንዳትሰጪ። ማይልኝ።»

«በእናታችን አጥንት» አልኩት።

እየማልኩ እንደማፈርሰው አውቅ ነበር። እናቴ ትፍረድብኝ። እሷም ብትሆን ያንኑ ታደርግ ነበር ብዬ ራሴን አጽናንቻለሁ፤ አሁን አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

እኩለ ቀን ሲሆን አደባባዩ ጠጠር መጣያ የለውም። በአንድ ወገን ከተማው፤ በሌላው ወገን የወንዙ ማዶ ሰዎች፣ ወንዶቹ ብቻ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ ከኋላቸው ወታደሮች ጦራቸውን አግድመው። ሽማግሌው ከፊት ናቸው። ሰማያዊ እጆቻቸውን በእጅጌያቸው ውስጥ ከተዋል።

መሐል ላይ የእንጨት መድረክ አለ። ከመድረኩ ማዶ የማገዶ ክምር። ማገዶውን ላለማየት ብዙ ታገልኩ፤ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ከምድጃ ፊት የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ዓይኔ ሄደ። እርጥብ ነበር። ቅርፊቱ ገና አረንጓዴ ነው። እርጥብ እንጨት ቀስ እያለ ነው የሚነደው። የከመረው ሰው ይህን ያውቃል ወይስ አያውቅም እያልኩ አስብ ነበር፤ ምን ልዩነት እንዳለው አትጠይቁኝ።

ዳኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ያንን ሰው አንቱ አልለውም፣ ዛሬም አልለውም። ጸሐፊው ከጎኑ ብራናውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ወንድሜን አወጡት። ፀሐዩ ዓይኑን ወጋውና በክንዱ ከለለ።

«ሻማ ሠሪ» አለ ዳኛው፣ «ሕዝቡ ይስማህ። የምታምነውን ተናገር።»

ከኋላዬ አንዱ፣ «ዝምቤ? አሁን ይሄ ምን ይናገራል!» ብሎ ሲያሾፍ ሰማሁ። ወንድሜ መጀመሪያ ድምፁ አልወጣ አለው። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ተናገረ፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሳሳድገው ያንን ድምፅ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።

«ማንንም ልሰድብ አልመጣሁም» አለ። «እናቴ በእናንተ እምነት ሞታለች፤ ከሷ የተሻለ ሰው አላየሁም። እኔ ግን እግዚአብሔር አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጅ የለውም፣ አምሳያ የለውም። ለሙሴ የሰጠውን ሕግ አልሻረውም ብዬ አምናለሁ። ሰንበትን ጠብቅ የሚለውን ያነበብኩ ቀን፣ ቅዳሜ ዘንጉን ላነሳ ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ። እጄን ላስገድደው ሞከርኩ። አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ስጸልይ ፊቴን ወደ እነዚያ ሰዎች ምኩራብ አዞራለሁ። ይሁዲ ሊያደርጉኝ እምቢ አሉኝ። ባይቀበሉኝም አምላካቸው አምላኬ ነው። ይኸው ነው። ሌላ የለኝም።»

አደባባዩ እንደ ንብ ቀፎ ተነሳ። ድንጋይ ተወረወረ፤ ጉልበቱን መታው፣ ተንገዳገደና ቆመ። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ያን ጊዜ ኮራሁበትም። እብድ፣ ድንጋይ ራስ፣ የእናቴ ልጅ!

ዳኛው እጁን አነሳ። «ያስተማረህ ማነው?»

«ማንም።»

«እኅቱ የት አለች?»

ወደ ፊት ገፉኝ። ሊቀ ካህናቱ ከዳኛው ኋላ ቆመው ዓይናቸውን ተክለውብኛል። ወንድሜም አየኝ። ራሱን በትንሹ ነቀነቀ፤ እንዳትይ ማለቱ ነው።

«ወንድምሽን ያታለለው ማነው?» አለኝ ዳኛው።

አንድ ጊዜ ማገዶውን አየሁ። ከዚያ እጄን ዘረጋሁ።

«እሳቸው ናቸው። ቀለም ነካሪው። እቤታቸው እየጠሩ አስተማሩት።»

ይህን አልኩ። በእነዚህ ከንፈሮቼ። ከወንዙ ማዶ ሰዎች መካከል አንድ ወጣት ጮኾ ሊወረወርብኝ ሲል የጦሩ እጀታ ደረቱን መታው።

«ውሸት ነው!» አለ ወንድሜ። «እኅቴ ከፍቅር ብዛት ነው የምትዋሸው! ሽማግሌው ሦስት ጊዜ አባረውኛል! ይህንን ልብስ እዩት፣ የቀለም እጣቢ ደፍተውብኝ ነው! ማንም አላታለለኝም፣ ወድጄ ነው፣ ጻፍ፣ ወድጄ ነው!»

«ዝም በል! አንተ ልጅ፣ ስለ ማርያም ዝም በል!» ብዬ ጮህኩ። አልሰማኝም። በሃያ ስምንት ዓመቱ መናገር የጀመረ ሰው ማን ያስቆመዋል?

ዳኛው ወደ ጸሐፊው ዘንበል አለ። ተንሾካሾኩ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «አንድ ምስክር ምስክር አይባልም» አለ። «የእኅትየው ቃል ብቻውን አይቆምም። ተከሳሹ ወድጄ ነው ብሏል። ሁለተኛ ምስክር ከሌለ...» አለና ችቦ ወደያዘው ወታደር ተመለከተ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። መሐላዬን አፍርሼ፣ ያልበደለኝን ሰው ከስሼ፣ ወንድሜን አላዳንኩም። የወታደሩን እግር ይዤ መለመን ጀመርኩ፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ከዚያ ወታደሩ መራመዱን ተወ። ቀና ስል ሽማግሌው ከሰልፋቸው ወጥተው ቆመዋል።

ማንም አልገፋቸውም። ከዘራቸውን እንኳ ለጎረቤታቸው ሰጥተው ነው የወጡት። እጆቻቸውን ከእጅጌያቸው አወጡ።

«ሴትዮዋ እውነት ተናግራለች» አሉ። «ሁለተኛው ምስክር እኔ ነኝ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ብቻዬን። ጎረቤቶቼ አያውቁም፤ ቢያውቁ ኖሮ ራሳቸው ለእናንተ ይነግሩ ነበር።»

«ውሸት ነው!» አለ ወንድሜ። አሁን ግን ድምፁ ተሰብሯል። «አባቴ፣ ምን እያሉ ነው? አባረውኛል! ሦስት ጊዜ...»

ዳኛው ተጠራጥሮ ነበር። «ምን አስተማርከው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«አሁን የተናገረውን። ሰምታችሁታል፤ አንድ ቃል አልሳተም። ጥሩ ተማሪ ነው።»

ጸሐፊው መጻፍ ጀመረ። ብዕሩ ብራናው ላይ ሲፋቅ እዚያ ድረስ ይሰማል። ወንድሜ ከመድረኩ ሊዘል ሲል ሁለት ወታደሮች ያዙት፤ ይታገላል፣ ያለቅሳል፣ «አይደለም! አይደለም!» ይላል። ሽማግሌው ወደ መድረኩ ተጠጉ። ያንን በዝናቡ ቀን የሰማሁትን ቁጣ ጠበቅሁ። ቁጣ አልነበረም።

«ዝም በል፣ ልጄ» አሉት። «አባት ሲናገር ልጅ ጣልቃ አይገባም። ከእኛ አንዱ መሆን ፈልገህ አልነበር? ይኸው ሆንክ። ከእኛ አንዱ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ይህን ነው፤ ትእዛዙ የተሰጠን እንድንኖርበት ነው። ኑር።»

ወንድሜ ተንበረከከ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣውም።

ዳኛው ፈረደ። አርባ ቀን እስርና ስደት ለወንድሜ፤ ለሽማግሌው እሳት። ሊቀ ካህናቱ ማኅተማቸውን ብራናው ላይ አሳረፉ። የወንዙ ማዶ ሰዎች ባንድ ድምፅ የማላውቀውን ጸሎት ጀመሩ፤ ወታደሮቹ ሊያስቆሟቸው ቢሞክሩም አልቻሉም።

ሽማግሌውን ሲወስዷቸው በእኔ አጠገብ አለፉ። ወንድሜ ይኖራል። የፈለግሁት ይኸው ነበር፣ አገኘሁት፤ ደስታው ግን አንገቴ ላይ እንደ ድንጋይ ተንጠለጠለ። እግራቸው ሥር ወደቅሁና የልብሳቸውን ጫፍ ያዝኩ።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ! ዋሽቼብዎታለሁ!» አልኳቸው።

ጎንበስ አሉ። ሰማያዊው እጃቸው ትከሻዬን ነካኝ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ቀስ ብለሽ ተናገሪ። ይሰሙሻል።»